ድምፄ እስኪድን ዝም ያልንባቸው ሳምንታት

ሕመሜ የጀመረው አንዲት ከፍ ያለች ኖታ እምቢ ባለችኝ ቀን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሳልቸገር እደርስባት ነበር። ያን ቀን ግን አፌን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። ከበሮውና ጊታሩ የምንለማመድበትን ምድር ቤት ሞልተውት ስለነበር ማንም አልሰማም። እኔ ሰማሁ፤ ሰምቼም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ከቅድሙ አብልጬ ጮኽኩ።

ይህን የምጽፈው ሮክ መዝፈን ለጀመራችሁ፣ ድምፃችሁ ሻክሮ «ነገ ይተወኛል» እያላችሁ ለምትለማመዱ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ፤ ከጉሮሮዬ ይልቅ የተጎዳውንም ጭምር።

ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2011 ነበር። ጀርመን አገር፣ ኒደርራድ በሚባል ሰፈር ሊዮነር ሽትራሰ ላይ ቢሮ አጸዳ ነበር። የምኖረው ሮደልሃይም ከታላቅ እህቴ ከዘውዴ ጋር ነው። አዳማ ሳለሁ በጸሎት ቤታችን ኳየር ውስጥ እየዘመርኩ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ባዶ ኮሪደር እየወለወልኩ ሳንጎራጉር፣ የሕንፃውን ቁልፍና ጥገና የሚይዘው ሃውስማይስተር ማቲያስ ቆሞ ሰማኝ። ለካ ጊታር ይጫወታል። ባንዳቸው ውስጥ ትዘፍን የነበረችው ልጅ ጥላቸው ሄዳ ኖሮ፣ ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ወደሚለማመዱበት ምድር ቤት ጋበዘኝ።

ኳየር ውስጥ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይሸፍነዋል። እዚያ ግን ማይክ ፊት የቆምኩት ብቻዬን ነበር። ጀርመንኛዬ ይሰባበራል፣ የእንግሊዝኛውን ግጥም የማውቀው በግማሽ ነው፣ ሮክ የሚባለውም ያደግሁበት ዜማ አይደለም። ስለዚህ ፍርሃቴን በጩኸት ሸፈንኩት። የባንዱ ልጆች ጉልበቴን ወደዱት። ዘውዴ ግን በስልኬ የቀዳሁትን ሰምታ፣ «አሁን ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ሌባ ተይዞ?» አለችኝ። ሳቅን። ያኔ በደንብ እንስቅ ነበር።

ድምፄ መሻከሩ ሲብስበት የእኛ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። እዚያው ጀርመን ያለው ጸሎት ቤታችን እናቶች ፌጦ በሎሚ አዘዙልኝ፤ ዝንጅብል ከነጭ ሽንኩርት ጋር አፈሉልኝ። ሲያቃጥለኝ በሽታው እየወጣ መሰለኝ። ድምፄን ላሳርፍ ብዬም ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ አወራ ነበር። ሹክሹክታው ራሱ ጉሮሮን እንደሚያደክም የነገረኝ አልነበረም። እሁድ ጠዋት ለአምልኮ በተከራየነው አዳራሽ ዘምሬ፣ ከሰዓት ምድር ቤት ወርጄ እጮሃለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኔ ነው።

አንድ እሁድ ዘፈኑ መሀል ላይ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ላላ። አላመመኝም። ድምፄ ግን የለም። ማይኩን አየሁት። ማይኩ ይሠራል። ድምፄ የለም።

የጉሮሮ ሐኪሙ አይቶ ወደ ፎኒያተር ላከኝ፤ የድምፅ ሐኪም ማለት ነው። ቴርሚኔ፣ የቀጠሮዬ ቀን፣ እስኪደርስ ሳምንታት አለፉ። ዘውዴ አብራኝ ገባች። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፌ አስገብቶ ጉሮሮዬን በስክሪን አሳየኝ። ሽቲምሊፐን ይሏቸዋል፤ ድምፅ ስናወጣ የሚርገበገቡት ሁለት እጥፋቶች። ነጭ መሆን ነበረባቸው። አንደኛው ቀልቷል። ጠርዙ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ያለች ነገር ተቀምጣለች።

«ደም ፈሷል፤ ፖሊፕ የሚባል እብጠትም አለ» አለ ሐኪሙ። «ሁለቱን እጥፋቶች በር ወርውሮ እንደሚዘጋ ሰው ሲያጋጯቸው ነው የቆዩት። ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል።»

እንደገና መዝፈን እችል እንደሆነ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ መናገርዎን እናትርፍ» አለኝ።

እማዬ የምትኖረው አዳማ ነበር። ደም ብዛት ነበረባት። እሁድ እሁድ በካርድ እንደውልላታለን። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ስደውልላት፣ «ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም፤ ዘውዴን አቅርቡልኝ» ብላ ስልኩን ልትዘጋብኝ ነበር። በኋላ እኔ መሆኔን አመነች። ከዚያ፣ «ስትወለጂ ጭጭ ብለሽ ነበር» አለችኝ። «አዋላጇ ገልብጣ ብትመታሽ እንኳ እምቢ አልሽ። ሞታለች ስንል ነው የጮኽሽው። ያን ድምፅ እኔ ነኝ ቀድሜ የሰማሁት። አሁንም ሲመለስልሽ መጀመሪያ ለእኔ ነው የምትደውዪው፤ ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ አልኳት። ያን ጊዜ ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ባንዱም ይቅር፣ ማይኩም ይቅር፣ ለእማዬ ደውዬ «እኔ ነኝ» ስላት በአንድ ጊዜ እንድታውቀኝ ብቻ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ትእዛዙን ሰጠ። እኔ መልስ ስለማልሰጥ የሚያየው ዘውዴን ነበር። «አትናገር፣ አታንሾካሽክ፣ ጉሮሮዋን አትጥረግ። ከሁሉ በላይ አትጩህ፣ ጮክ ብላም አታልቅስ። ካሜራው ድኗል እስኪለን ድረስ። ቁስሉ ተቀዶ ጠባሳ ከያዘ ድምፅዋን መልሼ ልሰጣት አልችልም።» ዘውዴ ራሷን ነቀነቀች። እህቴን የሚያውቅ ሰው፣ የታዘዘችውን ነገር እንዴት እንደምትይዝ ያውቃል።

በዝምታው ቀናት እማዬ ራሷ ደወለች። ዘውዴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና፣ «እማዬ፣ እየሰማችሽ ነው፤ አዎ ስትል አንዴ ታንኳኳለች፣ አይ ስትል ሁለቴ» አለቻት።

«እሺ የኔ እናት። በልተሻል?»

አንዴ አንኳኳሁ።

«ያምሻል?»

ሁለቴ።

«አይዋሽም! ትንሽ እንኳ?»

አንዴ። ሳቀች። ጨዋታው ጣማትና ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ፣ ስለ ቤቱ ጣራ፣ ስለ ሁሉ ነገር እያወራች ታስንኳኳኝ ጀመር። በመጨረሻ፣ «ድምፅሽ ሲመለስ መጀመሪያ ለማን ነው? ለእኔ አይደል?» አለች።

አንዴ አንኳኳሁ። ጣቴ እስኪያመኝ አጠንክሬ።

ከዚያ በኋላ አልደወለችም። ዘውዴ፣ «ገጠር አጎታችን ዘንድ ሄዳለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም» አለችኝ። እማዬ በክረምት ገጠር መሄድ ትወዳለች። አመንኩ።

ትንሽ ትንሽ እንድናገር ሲፈቀድልኝ ወደ ሎጎፔዲን ተላክሁ፤ ድምፅ የምታሠለጥን ባለሙያ ናት። ፍራው ኬለር ትባላለች፤ እርጋታዋ የሚያናድድ ሴት። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትሮ ነክራ በእሱ እየነፋሁ «ኡ» እንድል አደረገችኝ። ውኃው ይንቦጨቦጫል፣ እኔ ደግሞ በልጅነቴ ለዚህ ተቆጥቼ እንደነበር እያስታወስኩ እፈግጋለሁ። እጄን ጎድኔ ላይ አስቀምጣ አየሩ ደረቴን ሳያነሳ ወደ ጎን እንዲገባ፣ ሲወጣም ሳላስቸኩለው እንዲወጣ አስተማረችኝ። አፌን ዘግቼ ከንፈሬን እስኪነዝረኝ «ምምም» እል ነበር። አንድ ቀን፣ «ማይክ የተሠራው ለምን ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ለሕዝቡ አልኩ። «ለእርስዎ ነው» አለችኝ። «እንዳይጮኹ። እርስዎ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ መሰማት ያስፈራዎታል።» እውነቷን ነበር። ጩኸት ውስጥ መደበቂያ ብዙ ነው፤ ለስለስ ብሎ የወጣ ድምፅ ግን ከነጉድለቱ ሰው ፊት ይቆማል።

ያን ሁሉ ስለማመድ የምለማመደው ለእማዬ ነበር። እሷ እማድ ቤት ስትሆን የምታንጎራጉራትን የራሷን ዜማ መርጬ፣ ሳላስጨንቅ በለሆሳስ እይዛት ጀመር። ዘውዴ ስትሰማኝ ከክፍሉ ትወጣለች። ልብሱን ላጥብ ብላ ወደ ቫሽኩሸ፣ ወደ ሕንፃው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትወርዳለች። ሁለታችን ብቻ ሆነን ይህ ሁሉ ልብስ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ዓይኗ ሲቀላ ሽንኩርት ነው ትለኛለች፤ ወጥ ግን አልነበረም።

አንድ አርብ ፎኒያተሩ ካሜራውን አውጥቶ ፈገግ አለ። «ድኗል። በጥንቃቄ ድምፅዎን ከፍ ማድረግ ይችላሉ።» በኤስባን፣ በከተማው ባቡር ስንመለስ ዘውዴን፣ «ቤት እንደገባን ለእማዬ እደውላለሁ፤ አጎቴ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ያውጣት» አልኳት። በመስኮቱ እያየች፣ «ነገ ጠዋት ይሁን» አለችኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ደወሉ ተደወለ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው እናቶቹ አሉ። ፌጦ ያዘዙልኝ እናቶች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ምነው በሰላም ነው አንቱ?» አልኳቸው።

«ግቢ ልጄ። እንቀመጥ» አሉኝ።

አልተቀመጥኩም። ዘውዴን አየኋት። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

እማዬ ሞታለች። ካስንኳኳችኝ በኋላ ብዙም አልቆየችም። ደም ብዛቱ በአንድ ጠዋት ጣላት። ተቀብራለች። ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። እኔ ውኃ እነፋ ነበር።

«እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

የተመለሰው ድምፄ የመጀመሪያ ከፍ ያለ ቃል ይህ ነው። አልተሰነጠቀም። ከጎድኔ ተነስቶ ሳይሻክር፣ ፍራው ኬለር እንዳስተማረችኝ ጥርት ብሎ ወጣ። እኔው ሰማሁት። ጠላሁት።

ከዚያ በኋላ ከዘውዴ ጋር አንድ ቤት እየኖርን ተለያየን። «ምን አባሽ አግብቶሽ ነው በእናቴ ልቅሶ የምትወስኚው?» አልኳት። «አታልቅስ አለ» አለችኝ። «በጆሮሽ ሰምተሻል። እማዬንም ድምፅሽንም በአንድ ሳምንት ልቅበር?» እኛ ዘንድ መርዶ ተደብቆ፣ ቀን ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር አውቃለሁ። ሌላ ሰው ላይ ሲደረግ እኔም አብሬ ደብቄ አውቃለሁ። በራስ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ወደ ፍራው ኬለር መሄድ ተውኩ። ማቲያስ ሲደውል አላነሳም።

አንድ ቀን ልብስ ይዤ ቫሽኩሸ ስወርድ፣ ከበላያችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ልብሳቸውን ያጥፋሉ። ሰላም አሉኝና፣ «እህትሽ ተሻላት ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «ባለፈው ሰሞን እዚህ ነበረች። ማሽኑን አስነስታ፣ ፎጣ አፏ ላይ ጠቅጥቃ ስታለቅስ አገኛት ነበር። ማሽኑ ውስጥ ግን ልብስ አልነበረም።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ሐኪም ያዘዘልኝን ዝምታ ስጠብቅ፣ እህቴ ማንም ያላዘዘላትን ጠበቀች። የእሷ እናትም ነበረች እኮ። ሽቅብ ወጥቼ አቀፍኳት። ያን ዕለት እንደገና አለቀስን፤ አሁን አብረን፣ ያለ ፎጣ።

ማገገሜ ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው ማለት እችላለሁ። ወደ ፍራው ኬለር ተመለስኩ፤ እሷም ለምን እንደጠፋሁ ከሰማች በኋላ ብርጭቆውን ሞልታ አቀረበችልኝ። ማቲያስና ልጆቹ ከበሮውን ዝቅ አደረጉልኝ፣ ድምፄ ወደ ራሴ እንዲመለስ አንድ ስፒከር ፊቴ አቆሙልኝ፣ ዘፈኖቹንም ለጉሮሮዬ በሚስማማ ልክ ወደ ታች አወረዷቸው። ያቺ መጀመሪያ እምቢ ያለችኝ ከፍተኛ ኖታ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ሻካራውን የሮክ ድምፅ ግን ጉሮሮዬን ሳላንቅ በትንፋሽ ማውጣት ቀስ በቀስ ለመድኩ፤ በማግስቱ ስነሳ እንደ ሰው እናገራለሁ።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው። ድምፃችሁ ሦስት ሳምንት ሻክሮ ከቆየ ፌጦውን ትታችሁ ለካሜራው ቴርሚን ያዙ። ሳታሟሙቁ አትዝፈኑ። ራሳችሁን መስማት ካልቻላችሁ ሌላው ይቀንስ እንጂ እናንተ አትጨምሩ። ድፍረት ጩኸት አይደለም፤ ዝግ ባለ ድምፅ ሰው ፊት መቆም ከቻላችሁ ሌላው ይመጣል። ዝም በሉ ከተባላችሁ ዝም በሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ለቤተ ሰባችሁ «ምንም ቢመጣ አትደብቁኝ» በሏቸው። እንባ ለመፍሰስ ድምፅ አያስፈልገውም። ቢነግሩኝ ዝም ብዬ አለቅስላት ነበር።

ሐኪሜን አመሰግናለሁ። ፍራው ኬለርን፣ ማቲያስንና ልጆቹን አመሰግናለሁ። ዘውዴን ግን ምስጋና አይበቃትም፤ እማዬን ያለ ልቅሶ ተሸክማ ድምፄን ያተረፈችልኝ እሷ ናት፤ ይቅር ብያታለሁ፤ ቅሬታው ግን አልፎ አልፎ ይመጣብኛል።

ዛሬም ትንንሽ መድረኮች ላይ እዘፍናለሁ። ከመጀመሬ በፊት ማይኩን በጣቴ አንዴ አንኳኳዋለሁ። ሰው ሁሉ ይሠራ እንደሆነ የምፈትን ይመስለዋል። ለማን ነው መጀመሪያ፣ ለእኔ አይደል ላለችኝ ለእማዬ መልሴ ነው።