ምላሷ አጭር ማሽን

ይቺን ጣውላ እዚህ ጋ በአውራ ጣትዎ ይንኳት። ከጫፏ አራት ጣት ያህል ጎድጎድ ትላለች አይደል? ዓይን አያየውም፤ ጣት ግን አያልፈውም። "ቁረጪና ጣይው" የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። አልቆርጥም! የዋንዛው ሽታ እንኳ ገና አልለቀቃትም። አፍንጫዬ ጋ ባስጠጋኋት ቁጥር፣ ነቀምት አስፋልቱ ዳር ማሽን መሸጫ ውስጥ ከአባቴ ጋር የተጨቃጨቅኩበት ቀን ይመጣብኛል።

አባቴ አናጢ ነበር። "አባ ኮ" ነበር የምለው፣ "አባቴ" ማለት ነው፤ እኛ ቤት አማርኛውም ኦሮምኛውም በአንድ ትሪ ነው የሚቀርበው። ዕድሜውን ሙሉ ዋንዛ በእጅ መላጊያ ሲልግ ኖሮ ቀኝ ትከሻው ከዳው። ሥራው ሊዘጋ ሆነ። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ እጄ እንጨት ለምዶ፣ ከጓሯችን የቆርቆሮ መሥሪያ ክፍል ማን ያስወጣኛል? እሱ ነርስ እንድሆንለት ነበር የሚፈልገው። "ሴት ልጅ ሰጋቱራ ለብሳ ማን ቤት ትገባለች?" ይለኛል። "የራሴ ቤት!" እለዋለሁ።

እንግዲህ ለጀማሪ የሚሆን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መላጊያ ማሽን ልገዛ ስነሳ ተከተለኝ። ሊያግዘኝ እንዳይመስልዎ፤ ሊያስተወኝ ነው የመጣው።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ነበሩ። አንዱ ከባድ ነው፤ ባለ ሦስት ቢላ፣ ጣውላው የሚያርፍበት ምላሱ ከፊትም ከኋላም ረዘም ያለ። ሌላዋ ትንሽ፣ ባለ ሁለት ቢላ፣ ምላሷም አጭር። ባለሱቁ ቅባት የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከባዱን አወደሰልን። እኔ ግን የቤታችንን መብራት አውቀዋለሁ። ምድጃ ሲሰካ እንኳ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ያንን ብሰካ ቆጣሪው ይጥላል። ደግሞ ብቻዬን አላነሳውም። ትንሿን መረጥኩ።

አባ ኮ ጎንበስ ብሎ ምላሷን በስንዝር ለካ። "ላኪ፣ ተይ! ይቺ አትሆንም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ምላሷ አጭር ነው። ጣውላው ወጥቶ ሊያልቅ ሲል የወጣው ወገኑ ወደ ታች ያዘነብልና የኋላ ጫፉ ወደ ቢላው ይነሳል፤ ትበላዋለች።"

"አትበላም!"

"የሷ ምላስ ቢያጥርም የልጅዎ ይበቃል" አለ ባለሱቁ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። "የአንድ ጣውላ ጫፍ ከበላች፣ መዶሻዬን አስቀምጬ ነርስነት እማራለሁ! አንተ ምስክር!" አልኩት ባለሱቁን። አባ ኮ "ሰማችሁ አይደል?" አለ፤ ፊቱ በራ። ያሸነፈ መስሎት ነው ብዬ ይብስ ተናደድኩ።

ገዝቼ ቤት አስገባኋት። ማሽኗ ስትነሳ ጩኸቷ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠው ነበር። በሚስማር ቀዳዳ በገባችው ፀሐይ ውስጥ ሰጋቱራው ይበራል። እኔ ከወዲህ እገፋለሁ፣ አባ ኮ ከወዲያ ይቀበላል። የተበላውን ጫፍ በዓይኑ ሊያይ ነው የቆመው ብዬ እልህ ይይዘኛል። ሲቀበል ደግሞ ጣውላውን ከፍ ያደርገዋል።

"አባ ኮ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ! ለምን ታነሳዋለህ?"

"ትከሻዬ ነው። ሲያመኝ እጄ በራሱ ይነሳል።"

ሥራው ሲያልቅ የሁሉንም ጫፍ አንድ በአንድ በመዳፉ ይዳስስና "ዛሬም አመለጥሽ" ብሎኝ ይወጣል። "የታለ የተበላው? አሳየኝ!" ብዬ ከኋላው እጮሃለሁ። እንዲህ እየተነታረክን ስንት ዓመት ኖርን መሰልዎ። ጉቴ ከተማ ድረስ ጠረጴዛና ቁምሳጥን ላክን፤ አንድ ጫፍ አልተበላም።

አምና ክረምት አረፈ። ለቀስተኛው ሲበተን የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ትዕዛዝ ነበረብኝና ብቻዬን ገብቼ ማሽኗን አስነሳሁ። የመጀመሪያው ጣውላ ወጥቶ ሊያልቅ ሲል ወደ ታች አዘነበለ፤ ቢላው ግርር ሲል ሰማሁት። ያቺ አሁን የነኳት ናት።

ለባለሱቁ ደወልኩለት። ሰላምታም አላስቀደምኩ። "ማሽንህ ተበላሸች! ጫፍ በላች!"

"ከወዲያ ማን ነው የሚቀበልሽ?"

"ማንም። አባ ኮ ነበር።"

"እሷማ ዱሮም ትበላለች" አለኝ። "በገዛችሁ ማግስት አባትሽ ብቻቸውን መጥተው ነበር። 'እንዳትበላ ምን ይደረጋል?' ብለው ጠየቁኝ። ወጥቶ ሊያልቅ ሲል ጣውላውን ከፍ አድርገው ይቀበሉት አልኳቸው።"

ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። በዚያ በሚያመው ትከሻ! እጁን አንድ ጊዜ ዝቅ ቢያደርግ ውርርዱን ያሸንፍ ነበር እኮ፤ ነርስ ልጅ ያገኝ ነበር። እኔ ደግሞ አታንሳው እያልኩ ስጮህበት ኖርኩ።

አሁን ከማሽኗ ኋላ እንጨት አቁሜ ምላሷን አስረዝሜላታለሁ። ትሠራለች፣ ደህና ናት። ይቺን ጣውላ ግን ለማንም አልሰጥም። ቃሌንም አልጠበቅኩም፤ በላች፣ ነርስነትም አልተማርኩም። ጠዋት ጠዋት ማሽኗን ሳስነሳ ወዲያ እሱ ይቆምበት ወደነበረው ቦታ እያየሁ እነግረዋለሁ፦ "በላች፣ አባ ኮ። አልተውኩም። ከቻልክ ና አስተወኝ!"