ጥጥ የለበሰ መዳብ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ በአንድ የሞተር ጥቅለላ ቤት ደጃፍ ሳልፍ የሞቀ ቫርኒሽ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የአባቴ ጓሮ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ደስ ያለኝ ለአፍታ ነው፤ የድሮ ንዴቴ ወዲያው ተከተለ።

አባቴ ማንም ሳያስተምረው፣ የተቃጠለ ሞተር እየፈታና መልሶ እየገጠመ ኤሌክትሪክን የተማረ ሰው ነበር። አዲስ ሽቦ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው፣ ከተጣሉ የወፍጮ ሞተሮች መዳቡን እየመዘዘ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ እየጠቀለለ፣ የብረት በር ሠሪዎች የሚገለገሉበትን የብየዳ ማሽን እቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ቁጡ ነበር፤ ሽቦ ያጣመመ ልጅ ምሳውን ሳይበላ ይውል ነበር። ይህንንም ልደብቅለት አልፈልግም።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁላችንም እቤት ተሰብስበን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሽቦውን በጨርቅ ይዘን እየሳብን እናቃና ነበር። አሮጌ መዳብ ልባሱ የተላጠ ስለሆነ፣ ራቁቱን ከተጠቀለለ ዙሩ ከዙሩ ተነካክቶ ይቃጠላል። መላውን ያመጣችው ታላቅ እህታችን ይታይሽ ናት። እናታችን የፈተለችውን ጥጥ በሽቦው ላይ አጥብቃ እየጠመጠመች፣ ክፍተት ሳትተው ታለብሰውና አባታችን ቫርኒሽ ውስጥ ነክሮ ያደርቀው ነበር። እንደ እርሷ ማልበስ ለእሱም አይሆንለትም ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጓሮው ሲደርቅ ቫርኒሹን ፍም ላይ ማሞቅ እንጀምርና የሰፈሩ አፍ አብሮ ይከፈት ነበር። ብረትና እሳት የሚነካ ሰው ቡዳ ነው ይባል ነበርና፣ እህቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባት ነበር። አንዷ ጎረቤታችንማ ጅብ በጮኸ ቁጥር «ይታይሽ እራቷን ፍለጋ ወጣች» እያለች ታስቅ ነበር። ይህን የምትለው በአባቴ ማሽን የተበየደውን በሯን ዘግታ ነው። ማረሻህን የቀጠቀጠልህን፣ ልብስህን የሸመነልህን ሰው እየተጠየፍክ፣ የእጁን ሥራ ግን ሳትጠየፍ ትወስዳለህ። ይህን እምነት የሚሉት ካሉ፣ እኔ ሌብነት እለዋለሁ።

ጥር ሲገባ ከማክሰኝት ሽማግሌ ተላከ። ልጁ እህል ነጋዴ ነው፤ ይታይሽም አይታው ልቧ ወዶታል። ቃል ተሰጣጥተን፣ ጌሾው ተወቅጦ ድግሱ ተጀምሮ ሳለ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡና፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ብርዱ እያነሱ ዙሪያውን ሲዞሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ አንጋፋቸው አያ ደሳለው ተናገረ።

«ልጅቱስ ሸጋ ናት። ብቻ የልጁ እናት ስለ እጇ ሰምታ ፈርታለች። ጠበል ትጠመቅ፣ እናንተም ይህን ዕቃ ከቤት አውጡት፤ ከዚያ ሰርጉ ይሆናል።»

አባቴ ሊናገር ሲነሳ፣ እናቴ ሽማግሌዎቹን እንዳያባርራቸው ለልጇ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ይታይሽ ይህን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ ጣቶቿ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር።

«አባቶቼ፣ እጠመቃለሁ» አለች። «ብቻ አብረን እንሂድ። ሰው በእጁ ሲሠራ አይቶ በቅናት የሚቃጠለው ርኩስ መንፈስ ማን ላይ እንዳለ፣ ጠበሉ ሲፈስበት በሚጮኸው ሰው ይለያል።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው አፈነ፤ አያ ደሳለው ግን ከዘራውን አንስቶ ወጣ። ሰርጉ ቀረ። እህቴ በፊታቸው እንባ አላሳየችም፤ ልጁን ትወደው ነበርና ሁዳዴን ሙሉ ግን ስታለቅስ ከረመች። ያ ቁጡ አባቴ አጠገቧ እየተቀመጠ፣ እሷ ስታለብስ የሽቦውን ጫፍ ይይዝላት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ በዚያ ሽቦ ገቢ ተምሮ ለወግ ለማዕረግ በቃ። ዘንድሮ ልጄን አንድ የሸማኔ ልጅ አጭቷታል። በልጅነቴ ሰዎች የሚሉትን ደጃችን ድረስ መጥተው፣ ዓይናችንን እያዩ ይሉን ነበር፤ መልሳቸውንም እዚያው ይቀበሉ ነበር። ወንድሜ ግን በስልክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዘራቸውን አጣርተሃል?» አለኝ። ለይታይሽ ደውለህ ጠይቃት አልኩት።

እስካሁን አልደወለላትም።