የሰባት ቁጥር ትራስ

እትዬ አንሶላ የሚለውን ስም ያወጡላት የማረፊያው ወጥ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለው በዚህ የእንግዳ ማረፊያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጋ አንጥፋለች፤ እሷ ያነጠፈችው አልጋ ላይ እንግዳው ለመተኛት ይሳሳል እያሉ ይቀልዱባታል። እንግዳ ረስቶት የሄደውን ሰዓትም ሆነ የጆሮ ጌጥ በእጇ አታሳድርም፤ እዚያው በዚያው መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። በዚህ የተነሳ ሥራ አስኪያጁ «ታማኝ ሠራተኛ» የሚል ወረቀት በመስታወት አሠርቶ ሸልሟታል። ወረቀቱን ግድግዳዋ ላይ አልሰቀለችውም። ለምን ስትባል ሚስማር የለኝም ትላለች። ቤቷ በሚስማር የተሞላ ነው።

ሌላም አመል አላት። የትራስ ልብስ ስትለውጥ ሦስት ጊዜ ታራግፈውና እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ጥግ ጥጉን ትዳስሳለች። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች «እትዬ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» ሲሏት «ጊንጥ» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። ጊንጥ በሆነላት።

ነገሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሰባት ቁጥር ክፍል አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ገብተው ነበር፤ ወንዱ ዘጠኝ ዓመት፣ ሴቷ ስድስት ቢሆናቸው ነው። አባትየው ቤተሰቡን ይዞ ለዕረፍት ሲወጣ አንድ የማያፈርሰው ልማድ ነበረው። በመጀመሪያው ቀን ለወንዱ የራሱን የኪስ ገንዘብ፣ ለሴቷም የራሷን ይሰጥና «ከዚህ በኋላ ብታለቅሱም የለም። አይስክሬም ብሉበት፣ ጀልባ ተሳፈሩበት፣ የራሳችሁ ጉዳይ ነው» ይላል። ትንሿ የእሷን በሁለት ቀን ድምጥማጡን አጠፋችው። ወንድሟ ግን ቋጣሪ ቢጤ ነበር፤ ገንዘቡን በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ወረቀቱ ላይ ቀይ ጀልባ ስሎ፣ ትራሱ ልብስ ውስጥ ሸሸገው።

በማረፊያው ደግሞ እንግዳ ሲለቅ ለአልጋ አንጣፊዋ ጉርሻ የሚተወው ትራሱ ጋ ነው። በዚያ ጠዋት የሠራተኞቹ ሰሌዳ ላይ «ሰባት ቁጥር፣ ዛሬ ይለቃል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሻንጣዎቹም ታስረው በሩ ሥር ቆመዋል። ልጆቹ ቁርስ ላይ አልቅሰው አንድ ቀን ማስጨመራቸውን፣ ሰሌዳውን የሚያርመው ሰውዬም አልሰማ፣ እሷም አልሰማች። ትራሱን ስታራግፍ ወረቀቱ እግሯ ሥር ወደቀ። ጀልባውን አየችና ሆዷ ባባ። «ልጆቹ ሥዕል ስለው አመሰገኑኝ» አለች ለብቻዋ። የእሷ ልጅ በዚያ ሰሞን ጫማዋ ተቀዶ ትምህርት ቤት መሄድ አፍራ ነበር። እትዬ አንሶላ በምሳ ሰዓት እየሮጠች ወጥታ ጫማ ገዛችላት፤ እያንጎራጎረች ተመለሰች።

እንጉርጉሮው የተቋረጠው ኮሪደሩ ላይ ነው። አንሶላ ታቅፋ ስታልፍ የሰባት ቁጥር በር ገርበብ ብሏል።

«እዚህ ክፍል ከእኛ ሌላ ማን ገባ?» ይላል አባትየው።

«የምታነጥፈዋ ሴትዮ ናት የገባችው» አለች እናትየው። «እሷን ግን እንዳትጠረጥር። ፊቷን አላየኸውም? እግዜርን የምትፈራ ሰው ናት። የድሃ ስም አናጥፋ።»

ከዚያ ሁሉም ወደ ትንሿ ዞሩ።

«ያንቺን ጨርሰሻል፤ የወንድምሽን ስትመኚ ነበር» አለ አባት።

«እኔ አይደለሁም።»

«እውነቱን ብትናገሪ አልቆጣሽም።»

«እኔ አይደለሁም» አለች ልጅቷ እንደገና፤ አታለቅስም፤ ስሟን ተጠይቃ የምትመልስ ነው የምትመስለው።

እትዬ አንሶላ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ብትራመድ ያበቃ ነበር። ግን ገንዘቡ ጫማ ሆኗል። እንግዳ ቅሬታ ያቀረበባት ሠራተኛ ደግሞ በዚያው ቀን ነው የምትባረረው፤ ልጇን ከእሷ በቀር የሚያበላ የለም። ይህን ሁሉ ለማሰብ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል እንኳ አልፈጀባትም፤ አንሶላዋን እንደታቀፈች ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረደች። ባለ ጀልባውን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ውሃ የሚፈላበት እሳት ውስጥ ጨመረችው። በነጋታው ቤተሰቡ ሲሄድ ትንሿ ከመኪናው ኋላ ተቀምጣ ጉልበቷን ነበር የምታየው። እናትየው እጇን ጨብጣ አመስግናት ተሰናበተቻት።

ጫማው ደግሞ ጉድ ነው፣ አላልቅ አለ። ልጇ ሁለት ዓመት አደረገችው፤ ኮቴው በር ላይ ቀጭ ቀጭ ባለ ቁጥር እናት ሥራ ያለባት መስላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጫማው አልቆም አላረፈች። የዚያች ልጅ ድምፅ በትራስ ልብሶቹ ውስጥ ቀረ። የተራገፈ ሁሉ «እኔ አይደለሁም» ይላታል። ልጇ አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳለች፤ ድምፁ ግን ዛሬም የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ ለሰው ልትናገር አፏ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ለማን ትናገር? ቤተሰቡ የት እንዳለ አታውቅ።

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት አንዲት ሴት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ መጣች። መቀበያው ላይ ሌላ ክፍል ሲሰጧት እምቢ ብላ ሰባት ቁጥርን ለምና ወሰደች። እትዬ አንሶላ ፎጣ ይዛ ስትገባ ሴትዮዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለታላቂቱ ፖስታ እየሰጠች ነበር።

«ይኸው፣ የራስሽ ነው። የፈለግሽውን አድርጊበት።»

ታናሿም እጇን ዘረጋች።

«ያንቺ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

«ለምን?»

ሴትዮዋ ወደ እትዬ አንሶላ ዞራ ሳቀች። «ይቺኛዋ እኔን ነው የወጣችው፣ እማማ። በእሷ ዕድሜ እዚሁ ክፍል ውስጥ የወንድሜን የኪስ ገንዘብ ሰርቄ አባቴን አሳብጄዋለሁ። ወንድሜ ዛሬም ቤቱ ስሄድ ቦርሳችሁን ያዙ፣ መጣች ነው የሚለው።»

ፎጣው ከእጇ አመለጣት። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ቀና ማለት ግን አቃታት።

«ይቺ ልጅ ምን ወስዳ ታውቃለች?» አለች እዚያው እንዳጎነበሰች።

«እስካሁን እንኳ ምንም። ሳይጀምራት ብዬ ነው።»

እትዬ አንሶላ ልጆቹ ወደ ሰገነቱ እንዲወጡ አደረገችና ሁሉንም ተናገረች። ሰሌዳውን፣ ጀልባውን፣ ጫማውን፣ ገርበብ ያለውን በር፣ አንድም አላስቀረች። እርስዎ ብላ ጀምራ አንቺ ብላ ጨረሰች፤ «አንቺ አይደለሽም ልጄ፣ እኔ ነኝ» አለቻት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የእንግዳ አልጋ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«እማማ፣ እግዜር ያክብርዎት። ግን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ!»

«አስታውሰዋለሁ። ወንድሜ ተኝቷል። በባዶ እግሬ ሄጄ ትራሱን ቀስ አድርጌ አነሳሁት። በሰማያዊ ወረቀት ነበር የተጠቀለለው። ሲጠይቁኝ ፈርቼ ሐይቁ ውስጥ ጣልኩት። የውሃው ቅዝቃዜ እንኳ ትዝ ይለኛል።»

«ነጭ ነበር ወረቀቱ። ቀይ ጀልባ ነበረበት።»

«መጀመሪያ ክጄ ነበር» አለች ሴትዮዋ፤ የምትሰማት አትመስልም። «አባቴ እስክትናገሪ ድረስ አላናግርሽም አለኝ። እራት ላይ አመንኩ። ካመንኩ በኋላ ነው ያቀፈኝ።» የአሮጊቷን እጅ መታ መታ አደረገችው። «ወሬውን መቀበያው ላይ ስነግራቸው ሰምተው፣ ሊያጽናኑኝ አስበው እንደሆነ ገብቶኛል። ደግ ሰው ነዎት። ግን እኔ ለራሴ ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ።»

እትዬ አንሶላ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ነገር ብቻ ስትፈራ ኖራለች፤ ይህን ስናገር ትጠላኛለች ብላ። አታምነኝም ብላ አስባ አታውቅም። ወረቀቱን ያቃጠለችበትን እጇን አየችው።

ታናሿ ልጅ የሰገነቱ በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ።

«እማማ» አለቻት እትዬ አንሶላን፣ «እኔ ምን ወስጄ ነው?»

እትዬ አንሶላ ጉልበቷ እያመማት ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «ምንም። አንቺም አልወሰድሽ፣ እናትሽም አልወሰደች። የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ፊቷን አተኩራ አየቻት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች፤ ፊቷ በርቷል።

«እማዬ፣ የወሰደችው እኮ እሷ ናት።»

እናትየው ኮስተር አለች። «ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም። ይቅርታ ጠይቂ።»

«ራሷ ናት እኮ ያለችው።»

«ጠይቂ አልኩሽ።»

«ልጄ፣ ተያት፣ እውነቷን ነው» አለች እትዬ አንሶላ።

ትንሿ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ» አለች።