አፈሩ ከዚህ፣ ክትሩ ማዶ

ሰፈርተኛው «መርፌ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ቀጭን ናት፣ ምላሷም ይወጋል። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። አዝላው እየሰፋች አሳደገችው። ትዳር ሲመጣላት እንኳ «መጀመሪያ ይሄ ልጅ ይቁምልኝ» እያለች መለሰች። ልጁም ቆመ፤ ተማረ፣ ሥራ ያዘ፣ ከወንዙ ማዶ ቤት ሠራ። በኋላም የጎርፍ መከላከያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ።

ወንዙ በየክረምቱ ግራ ቀኙን ይልስ ነበር። ኮሚቴው በሁለቱም ዳር የአፈር ክትር ሊሠራ ሲነሳ፣ አፈሩ የሚቆፈረው ከእነመርፌ ጓሮ ነው ተባለ። ሰው አንገራገረ። ከሁሉ ያስቸገረው ጎረቤቷ አናጺው ነው።

«ጓሮዬ ጉድጓድ ሆኖ ክትሩ ቢቀርስ?» አለ።

«የሚያሠራው ወንድሜ አይደል እንዴ! እኔን ያሰምጣል?» አለች መርፌ።

አናጺው ሳቀ። «እሱንስ አያደርገውም» ብሎ ተሸነፈ። እሱ እሺ ሲል ሌላውም ተከተለ።

ዶዘሩ ጓሯቸውን ዛቀ፤ የጭነት መኪና አፈሩን ማዶ አሻገረ። የማዶው ክትር አልቆ ሣር እንኳ ሲያበቅል በዚህ ዳር ምንም የለም። አንድ ማለዳ ዶዘሩ ተጭኖ ሄደ። «ይመለሳል፣ የነዳጅ ነገር ነው» አላት ወንድሟ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ብቅ አለና የእናታቸውን የእንጨት ሳጥን እያየ፣ «እትዬ፣ ማጠፊያው ላልቷል፤ ላሠራልሽ» ብሎ በመኪናው ጭኖት ሄደ። እሷም መርቃ ሸኘችው።

ከዚያ ከባድ ዝናብ መጣ። የማዶው ክትር የመለሰው ውሃ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። የተቆፈረው ጓሮ ሞላና ውሃው ከኋላ በኩል ቤቶቹ ውስጥ ገባ። መርፌ የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ ለማውጣት ስትታገል አናጺው በሩን ሰብሮ ጎትቶ አወጣት። እሷን ሲያወጣ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከነመጋዙ ከነጣውላው ውሃ ወሰደበት።

ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለሉ። ወንድሟ ብርድ ልብስ የጫነ መኪና አስከትሎ መጣ፤ ፎቶ አንሺም ይዟል። እሷን አቅፎ አለቀሰ፤ እሷም አብራው አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ ክፉ አላሰበችም።

ደረቅ ልብስ እንድትቀይር ቤቱ ወሰዳት። ሳጥኑ ሳሎን ተቀምጧል። ማጠፊያው እንደላላ ነው፤ ማንም አልነካውም። እያየችው ቆመች።

«ዶዘሩ እንደማይመለስ ታውቅ ነበር» አለችው።

«እትዬ፣ በጀቱ ለአንድ ዳር ብቻ ነበር የሚበቃው። ብናገር ሰዉ ይሸበራል፣ አፈሩንም አይሰጠንም...»

«ገና አፈሩን ሳንሰጥ ነው እንግዲህ ያወቅከው።»

ደረቅ ልብስ ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም።

«ለሳጥን ያዘነ አንጀትህ ለእኔ አንዲት ቃል አጣ?»

«ይሄን ያህል ይመጣል ብዬ እኮ አይደለም...»

አላስጨረሰችውም። እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች ወጣች።

ትምህርት ቤት ተመልሳ ሰዉ ፊት ቆመችና የሰማችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ገሚሱ ሰደባት። አንዷ «ወንድምና እህት ተመካክረው ነው የጨረሱን» አለች። አናጺው ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከስድቡ ሁሉ እሱ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

ሰፈሩ አቤት ሲል መርፌ ቀድማ መሰከረች። ወንድሟ ከሰብሳቢነቱ ተነሳ። በዚህ ዳርም ክትር ተጀመረ፤ እየተጎተተም ቢሆን ከፍ እያለ ነው። ወንድሟ ሰው ልኮ ይቅርታ ሲጠይቃት፣ «ይቅር ብያለሁ በሉት፤ ደጄን ግን አይርገጥ» አለች።

አሁን ከዳገቱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ በውሰት መኪና ትሰፋለች። አዲስ ደንበኛ «ዘመድ የለሽም?» ሲላት «ጎረቤቶች አሉኝ» ትላለች። አናጺው በደጇ ሲያልፍ ሥራዋን ትታ ትነሳለታለች። እሱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሳይቆም ያልፋል።