ጠረጴዛ ላይ የቀሩ መጻሕፍት

የሠፈራችንን ቤተ መጻሕፍት የምትጠብቀውን ሴት «እትዬ ዝምታ» እንላታለን። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷም ሰምታ አልተቆጣችም። የምትኖረው ብቻዋን ነው። እናትና አባቷ አልፈዋል፣ ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው። ቀን ከሰው ጋር የምታወራው በሹክሹክታ ነው፤ ማታ ደግሞ የምታወራው ሰው የለም።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት። አንብቦ የጨረሰ ሰው መጽሐፉን ራሱ ካነሣበት ቦታ ይመልሳል። ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሊወጣ የሚሞክር ካየች እስከ በሩ ትከተለዋለች።

«ወንድሜ፣ እቤትህም ሳህንህን እንዲህ ጥለህ ነው የምትነሣው?»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከጡረታ በኋላ ነው፤ ከፊደል ቀጥሎ የተማርኩት ይህንን ነበር። ስንወጣ አዳራሹ ሰው የገባበት አይመስልም። እሷ መብራቱን ከማጥፋቷ በፊት ባዶዎቹን ጠረጴዛዎች በኩራት ታያቸዋለች።

ኋላ አዲስ ኃላፊ መጣና በሩ አጠገብ ኮምፒውተር አስቀመጠ። ተውሰን የምንወስደው መጽሐፍ ጀርባው ላይ ያለው ምልክት በብርሃን ይነበባል፣ ማሽኑም ይመዘግባል። ይሁን እንጂ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው ጥቂት ነው። የኛ አንባቢ ቤቱ ጠቦት፣ ልጅ ጮኾበት ወይም ሥራ አጥቶ የሚመጣ ነውና እዚያው አንብቦ ይሄዳል። ኃላፊው አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየና መጻሕፍቱን የሚነካቸው የለም አለ። በወሩ መጨረሻ ወደ መጋዘን ይሄዳሉ፤ አዳራሹም የኮምፒውተር ክፍል ይሆናል ተባለ።

እኛ ማሽኑን ስንራገም እሷ አላገዘችንም።

«ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? የሚፈልጉትን ቢጠይቁት ይሰጥዎታል» አለችኝ። «እኔ የማስበው ምን እንደሚፈልግ ለማያውቀው ሰው ነው፣ ጋሼ። እሱ በመደርደሪያዎቹ መሀል ሲዞር ነው የሚያገኘው።»

በዚያው ወር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጉባኤ ነበርና ሄደች። ስትመለስ ነው የነገረችኝ። የትልቅ ሆቴል አዳራሽ ነው። ስሟን ጽፈው አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት፤ በስሟ የጠራት ግን የለም። በሻይ ሰዓት ሁሉም የሚጠይቀው «እናንተ ጋ ስንት ኮምፒውተር አለ?» ነው። «አንድ» ስትል ፈገግ ይሉና ወደ ሌላው ዞር ይላሉ። ሻይዋን መስኮት ሥር ቆማ ጠጣች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ተናጋሪ መድረክ ላይ ወጣች። ሳይወሰድ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተነበበ መጽሐፍ የሚታወቀው ማታ ጠረጴዛ ላይ ሲገኝ ነው አለች። ወደ መደርደሪያው ከመመለሱ በፊት በማሽኑ ይለፍ፣ አንባቢው ራሱ እንዳይመልስ ለምኑት አለች። ሰዉ ይህንን ማን ያጣዋል በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ወንበሩ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ» አለችኝ። «ለካ ዕድሜዬን የፈጀሁት የእናንተን ዱካ ስጠርግ ነው።»

በማግሥቱ አዳራሹ መሀል ቆመች። «ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ የሚመልስ ሰው እንዳላይ!»

ከአንባቢዎቹ አንዱ፣ ጡረተኛ ሹፌር፣ መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ እዚያ ጉባኤ ላይ ምን አብልተው ነው የላኩሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ምክንያቱን ስታስረዳን ሁላችንም እሺ አልን፤ እጃችን ግን እሺ አላለም። እኔ ራሴ ጨርሼ ተነሣሁና ሳላስበው መደርደሪያው ጋ ደረስኩ።

«ጋሼ! ይተዉት አልኩ እኮ!»

ጮኸች። በዚያ ቤት ስትጮኽ ሰምተናት አናውቅም። ራሷም ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ቀስ በቀስ ለመድን። ጠረጴዛዎቹ በመጻሕፍት ሲሞሉ አንድ ከሰዓት ኃላፊው ከተፍ አለ።

«እትዬ፣ ምነው? ሥራው ሰለቸዎት እንዴ? ቤቱ እኮ ገበያ መሰለ!»

ሁሉንም ነገረችው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስክትጨርስ ሰማት።

«እሺ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ መጽሐፍ ይቀራል። ሌላው ይጫናል።»

«እስከ ዛሬ የተነበበውስ?»

«እሱን ኮምፒውተሩ አያውቀውም።»

ሲወጣ ጠጋ አልኳት። «ልጄ፣ ምን ቸገረሽ? ራስሽ ከየመደርደሪያው እያወረድሽ ዘርጊያቸው። ማን ያይሻል?»

ወደ እኔ ዞረች። «ያልተነበበውን ተነበበ ልበል? ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ይህንን የሚሉኝ?»

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ስንገባ በኛ በኩል፣ በአንባቢ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ማንም የማይደርስበትን የጥግ መደርደሪያ ይዛ ታነባለች። የንብ እርባታ፣ የድልድይ አሠራር፣ የማናውቀው ሰው ግጥም፤ አልመረጠችም። የጨረሰችውን ብቻ ጠረጴዛ ላይ ትተዋለች፤ ጠዋት እንደማንኛችንም መጽሐፍ በማሽኑ ታሳልፈውና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትመልሰዋለች። መጽሐፍ ፍለጋ ለጠየቃት በጣቷ ትጠቁማለች እንጂ እንደ ድሮው አትነሣም።

አንዳንዴ ብቻዋን ትስቃለች። ያሳቃትን ለአንዳችን ልትነግር የፈለገች ያህል ቀና ትላለች፤ ሁላችንም አቀርቅረናል። ትንሽ ትጠብቅና ወደ መጽሐፏ ትመለሳለች። አንዴ ዓይኗ ከኔ ጋር ተገጣጠመ። ልትናገር ከንፈሯን ከፈተችና «ይቅርታ፣ ያንብቡ ጋሼ» አለች። ምነው ያን ጊዜ መጽሐፌን ዘግቼ «ምን አገኘሽ?» ባልኳት።

አንድ ሰው በቀሩት ቀናት ምን ያህል ያነባል? የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ከጥጉ መደርደሪያ ያጋመሰችው የላይኛውን ረድፍ ብቻ ነበር። የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመና ጫኞች ካርቶን ይዘው ገቡ። ኃላፊው በቃሉ ተገኘ፤ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን እንዳትነኩ ብሎ አዘዛቸው።

አንደኛው ጫኝ ወደ ጥጉ ሄደ። እትዬ ዝምታ እዚያው ተቀምጣለች።

«እናቴ፣ ከዚህ ልጀምር?»

ጣቷን ካለችበት መስመር ላይ ሳታነሣ በሌላው እጇ ማዶውን አሳየችው።

«ከዚያ ጀምር፣ የኔ ልጅ። ይቺን ገና አልጨረስኳትም።»