ያልተዋጠችው ኪኒን

ይህ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ሰው ጭንቅላቱን ይዞ ሲያቃስት በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ታላቅ ወንድሜን አያ ምስጋንን ጋዝጊብላ ገበያ ላይ በቅሎ ረገጠችው። ከጆሮው ከፍ ብላ መታችውና ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ነቃ፤ ግን ጭንቅላቱን ይዞ ይጮህ ጀመር። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ሰቆጣ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫንነው።

መንገዱ ጎርባጣ ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር "ኧረ ግደሉኝ!" ይላል። ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ተሳፋሪ አዝናለት ከቦርሳዋ ኪኒን አወጣች።

"ጠንካራ ማስታገሻ ነው፤ ወዲያው ያስተኛዋል" አለችኝ። አመስግኜ ተቀበልኩና ውሃ ጠየቅሁ።

"እንዳትሰጠው!" አለች ጥግ ላይ የተቀመጠች ሌላ ሴት። ነርስ ነበረች። "ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የሚያስተኛ ነገር አይሰጠውም። እንቅልፍ ይሁን ራሱን ይሳት በምን እናውቃለን? ሐኪም ቤት የሚስማማውን መርጠው ይሰጡታል።"

ተሳፋሪው አጉረመረመባት። አንድ ሽማግሌ "ምነው ልጄ፣ አንጀት የለሽም?" አሏት።

"እኔም እንደ እርስዎ አዝኜለታለሁ፣ አባቴ" አለችና መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። ስሙን፣ አገሩን፣ ምን እንደመታው እየደጋገመች ትጠይቀዋለች። እሱም እየተማረረ ይመልስላታል።

ሰቆጣ ልንደርስ ስንል አማርኛውን ተወው። በአገውኛ ብቻ ያጉተመትም ጀመር።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"አባታችንን በሩን ክፈትልኝ እያለው ነው።"

"አባታችሁ የት ነው ያለው?"

"ከሞተ ቆየ።"

ፊቷ ተለወጠ። የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየችና የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፏ ደበደበች። "ንዳው! የትም እንዳትቆም!"

ሆስፒታል ስንደርስ መቼ መቀባዠር እንደጀመረ ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪሙ የማያስተኛና ደም የማያቀጥን ማስታገሻ ሰጥቶ፣ ወዲያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል በአምቡላንስ ላከው። እዚያም ጭንቅላቱ ውስጥ የተጠራቀመው ደም በቀዶ ጥገና ወጣለት። አንድ ጆሮው ባይሰማም አያ ዛሬ በሕይወት አለ። ያን ዕለት ሰቆጣ ላይ ነርሷን ላመሰግናት ዞር ስል ግን ሄዳ ነበር።

ያቺ ኪኒን ተውጣ ቢሆን ኖሮ አያ ዝም ይል ነበር። እኛም "ተመስገን፣ ቀለል አለው፣ ተኛ" ብለን፣ ጋቢ አልብሰን፣ እንዳንቀሰቅሰው ድምፃችንን ቀንሰን ሰቆጣ እንገባ ነበር።