የእማማ አስካለ ጥቁር ልብስ

ራሳቸውን ስተው ለተኙ በሽተኞች የታሰበው መሣሪያ ነርስ ሆኜ የምሠራበት የአዳማ ሆስፒታል የገባ ቀን መጀመሪያ የደወልኩት ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ ነው። “በክርስቲያን ራስ ላይ ኤሌክትሪክ?” አለችኝ። የኪስ ሬዲዮ የምታህል ሳጥን፣ ሁለት ሽቦና በጨው ውሃ የሚርሱ ሁለት ስፖንጆች እንደሆነ ነገርኳት።

“አይነዝርም?”

“ቢበዛ ያሳክካል።”

“ለማንኛውም አማትበሽ ጀምሪ።” አማትቤ ጀመርኩ።

ሐኪማችን ብዙ ተስፋ አልሰጠንም። “አንጎልን በጥቂቱ ያነቃቃል። አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም” አለን።

መሣሪያውን የሞከርንበት በሽተኛ ደረጀ የወለንጪቲ ሚኒባስ ሾፌር ነበር። መኪናው ሲገለበጥ ረዳቱ፣ ታናሽ ወንድሙ ግርማ፣ ሞተ። ደረጀ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፤ ማንንም አያስተውልም። በየቀኑ ስፖንጆቹን ግንባሩ ላይ አስራለሁ። ስጨርስ መስታወት በዓይኑ ፊት ቀስ አድርጌ አሳልፋለሁ። ዓይኑ ከተከተለ ልቦናው መመለስ ጀምሯል ማለት ነው። አይከተልም።

እናቱ እማማ አስካለ ጠበል ይዘው መጡ። “በአፉ አይሆንም፣ ትን ይለዋል። ግንባሩን ይቀቡት፤ ግን ስፖንጁ ከተነሣ በኋላ” አልኳቸው።

“የእናንተ የጨው ውሃ ይቅደም፣ የእግዜር ውሃ ይከተል? እሺ፣ ይሁን።”

በልቤ ይቅር በለኝ አልኩ።

የግርማ ሞት ደረጀ አጠገብ እንዳይነሣ ሁላችንንም አስማሉን። እሳቸውም ኮሪደሩ ላይ ጥቁሩን አውልቀው አበባማ ቀሚስ ለብሰው ይገባሉ። “በሽተኛ ፊት ሐዘን አይለበስም” ይላሉ።

“እማማ፣ እሱ እኮ አያይም” አላቸው ሐኪሙ።

“አንተ አያይም በል። እኔ እናቱ ነኝ።”

የግርማ አርባ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ደክሟቸው ነበር፤ ልብስ መቀየሩን ረሱት። እኔ ስፖንጆቹን እየፈታሁ ነበር። የደረጀ ዓይን ከበሩ ተነሥቶ፣ ጥቁሩን ቀሚስ ተከትሎ፣ እስከ አልጋው ድረስ መጣ። መስታወቱን ገና አላነሣሁም ነበር።

“ደረጀ፣ ከሰማኸኝ ዓይንህን ጨፍን።”

ጨፈነ።

“አሁን ግለጥ።”

ገለጠ። መልሶ ቀሚሳቸውን አየ።

እማማ አስካለ በነጠላቸው ጥቁሩን ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ ከዚያ ተዉት። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው እጁን ያዙ። ስንት ቀን የለመኑት ነገር መጥቶላቸው፣ ደስ ሊላቸው አልቻለም።

“አየህ አይደል፣ ልጄ? ለግርማ ነው።”

ደረጀ ማንም ሳያዘው ዓይኑን ጨፈነ።

በኋላ ሐኪሙን “መሣሪያው ነው?” ብዬ ጠየቅኩት። “ምናልባት። ጊዜውም ሊሆን ይችላል” አለኝ። ከዚያ በላይ እኔም አላውቅም።

አዲስ ነርስ ሲመጣ፣ ስፖንጅ ማራስ ከማሳየቴ በፊት አንድ ነገር እነግረዋለሁ። ዓይኑን ገልጦ የተኛ ሰው አጠገብ “አያይም” አይባልም። “ገና አላወቅንም” ይባላል።